«ሰው ለሰው መድኃኒቱ» የበሽተኛ ቤት ቃል ነው

ሰሞኑን አንድ ቢሮ ወረፋ ስጠብቅ፣ አንድ ጎልማሳ ውስጥ በሚሠራ ዘመዱ በኩል ጉዳዩ ቶሎ እንዳለቀለት ለጓደኛው እያወራ «መቼስ ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው!» አለ። ወረፋ መዝለል በዚህ ስም ሲጠራ መስማት ከነከነኝ። የአባባሉ ቦታ በሽተኛ የተኛበት ቤት ነው።

ያደግሁት መንዝ ነው። እገሌ ታሞ ተኛ ከተባለ፣ ከብት ከገባ በኋላ አባወራዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይመጣሉ። ዱላቸውን በር ላይ አስደግፈው፣ «እግዜር ይማርህ» ብለው መደቡ ላይ ይቀመጣሉ። ሴቶቹ አጥሚት ይዘው ቀድመው ገብተዋል፤ ቡናውም የሚፈላው እዚያው ነው። ስለ በሽታው ብዙ አይነሳም። የማን ላም ወለደች፣ ገብሱን ውርጭ መታው ወይ፣ በግ ገበያ ላይ ስንት አወጣ፤ ወሬው ይኸው ነው።

አንድ ክረምት ጎረቤታችን ትኩሳት ጥሎት ሰነበተ። የልብ ወዳጁ ማታ ማታ ጓሳ ሣር ተሸክሞ ይመጣና ራስጌው ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል። ትንሽ ቆይቶ «እስቲ ጫፏን ያዝልኝ» ይለዋል። በሽተኛው በዚያ በከሳ እጁ ጫፉን ጨብጦ ይይዝለታል፤ ሲላላ «ጠበቅ አርገው እንጂ!» ይባላል። ወዳጁ ገመዱን የበሩ እጀታ ላይ ማሰር አቅቶት አልነበረም። ተኝቶ ለሚውል ሰው ዛሬም እንደሚፈለግ የሚነግርበት መንገድ ነበር። አጥሚቱ አቅም ይሰጣል፤ እኔ ግን መድኃኒቱ ያ የገመድ ጫፍ ነበር ባይ ነኝ።

አባባሉ ከየት መጣ ለሚለኝ የራሴ ግምት አለኝ። መነሻው የቃሬዛ መንገድ ይመስለኛል። ሐኪም የሚገኘው ሩቅ በሆነበት አገር፣ በሽተኛ የሚደርሰው በሰው ትከሻ ነው፤ አንዱ ሲደክመው ሌላው ሳይጠራ ገብቶ ይሸከማል። ከተሜው አፍ ላይ አጥብቆ ያስቀመጠው ደግሞ፣ በእኔ ግምት፣ የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ነው። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ ቤተሰቡ በሙሉ አብሮ እየወደቀ፣ ውኃ የሚያቀብል ጠፍቶ ያለቀ ሰው ብዙ ነው። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ነበር። እንዲህ ያለውን ኅዳር ያየ ሰው ይህን ቃል ለቀልድ አይናገረውም። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን ስናጥን ጭሱን እናስታውሳለን፤ አስታማሚ ያጡትን ግን ማን ያነሳቸዋል?

ክርስቲያኑ «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» የሚለውን ከወንጌል ሰምቶ ያደገ ነው፤ ሙስሊሙም ሕመምተኛን መጠየቅ የወንድሙ ሐቅ መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ ይህ ቃል እንዲህ ሲረክስ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከቢሮው ይልቅ የሚያስከፋኝ ግን ሆስፒታል የማየው ነው። ሙዙንና ጭማቂውን ኮመዲኖ ላይ አስቀምጦ፣ ከበሽተኛው ጋር ፎቶ ተነስቶ፣ «ሰው ለሰው መድኃኒቱ» ብሎ ለጥፎ የሚሄድ ጠያቂ አለ። ወንድሜ፣ ወንበሩን ሳብ አድርግና ተቀመጥ። ስልክህን ኪስህ ክተት። ሰፈር ውስጥ ማን ቤት እንደለቀቀ፣ ኳሱ ስንት ለስንት እንዳለቀ አውራው፤ ከደከመው አብረኸው ዝም በል። ነርሷ የመጠየቂያ ሰዓት አለቀ እስክትልህ ድረስ ምን ያስቸኩልሃል?