ዘ ሲክሬት ኦፍ ኒም፦ ልጆችን የሚያስፈራው የአይጦች ፊልም

«ዘ ሲክሬት ኦፍ ኒም» በእጅ የተሳለ የአሜሪካ አኒሜሽን ፊልም ነው። ሲኒማ ቤት የገባው በጁላይ 1982 ነው፤ በእኛ ሰኔ 1974 ዓ.ም. መሆኑ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ርዝመቱ 82 ደቂቃ ነው። ዳይሬክተሩ ዶን ብሉዝ ነው። ከጋሪ ጎልድማንና ከጆን ፖመሮይ ጋር ሆኖ ፕሮዲውስ ያደረገውም እሱ ነው።

ፊልሙ የልጆች ነው። በአሜሪካ የዕድሜ ደረጃ አሰጣጥ «ጂ» ተሰጥቶታል፤ ማንም ሊያየው ይችላል ማለት ነው። ግን ደም አለበት፣ የጎራዴ ውጊያ አለበት፣ ወለሉ በአጥንት የተሞላ የጉጉት ጎሬም አለበት። በዚያ ዘመን ልጅ የነበሩ አሜሪካውያን ዛሬ ጎልምሰውም ስለ ጉጉቱ ያወራሉ። ስለዚህ ፊልም በአማርኛ ብዙም አልተጻፈም። ሊጻፍለት የሚገባ ሥራ ነው።

ታሪኩ

ወይዘሮ ብሪስቢ የሜዳ አይጥ ናት። ባሏ ጆናታን ሞቶባታል። አራት ልጆቿን ይዛ በገበሬው ፊትዝጊበን ማሳ ላይ፣ አንድ ብሎኬት ውስጥ ትኖራለች። እኛ ግድግዳ የምናቆምበት ያው ብሎኬት ነው፤ ቀዳዳዎቹ ክፍል ሆነውላታል።

የፊልሙ ጭንቀት እርሻ ለሚያውቅ ሰው ቶሎ ይገባዋል። የእርሻ ወቅት ደርሷል። ትራክተሩ ሊወጣ ነው። ብሎኬቱ ያለው ደግሞ ማረሻው በሚያልፍበት ቦታ ላይ ነው። ሌሎቹ የማሳው እንስሳት ጓዛቸውን ጠቅልለው ይሸሻሉ። እሷ ግን መሄድ አትችልም። ትንሹ ልጇ ቲሞቲ የሳንባ ምች ይዞት ተኝቷል። ብርድ ከነካው አለቀለት።

ጄረሚ የሚባል ቁራ አለ። ተላላ ነው፣ ወሬኛ ነው፣ ልቡ ግን ጥሩ ነው። እሱ ጀርባ ላይ ተሳፍራ ምክር ልትጠይቅ ወደ ታላቁ ጉጉት ትበራለች። ለአይጥ ጉጉት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ወደ ጎሬው ስትገባ አጥንት ከእግሯ ሥር ይንኮሻኮሻል። ሸረሪት ድር በየቦታው ተንጠልጥሏል። ከኋላዋ አንድ ትልቅ ሸረሪት ድምፅ ሳያሰማ ይከተላታል፤ እሷ አላየችውም፣ ተመልካቹ ግን አይቶታል። ሊደርስባት ሲል ግዙፍ የወፍ እግር ይወርድና ሸረሪቱን ይጨፈልቀዋል። ያዳናት ጉጉቱ ነው። ግን ከሸረሪቱ የባሰ የሚያስፈራው ራሱ ነው። ዓይኖቹ እንደ መብራት ይበራሉ፣ ሰውነቱ ላይ ድር አድርቶበታል። የሟች ባሏን ስም እስኪሰማ ድረስ ሊረዳት ፈቃደኛ አልነበረም። ስሙን ሲሰማ ግን ሁኔታው ይለወጣል፤ ከጽጌረዳው ቁጥቋጦ ሥር ወደሚኖሩት አይጠ መጎጦች ይልካታል።

አይጠ መጎጦቹ ተራ አይደሉም። «ኒም» በሚባል ቤተ ሙከራ ውስጥ መርፌ ተወግተው አእምሯቸው የሰላ፣ ማንበብ የቻሉና ያመለጡ ናቸው። ጆናታንም አብሯቸው ነበር። ከመሬት በታች ከተማ ሠርተዋል፤ ኤሌክትሪኩን ከገበሬው መስመር ቀጥለው ይጠቀማሉ። አሁን ግን መንደሩ ለሁለት ተከፍሏል። ሽማግሌው መሪ ኒቆዲሞስ ሌብነቱን ትተን በላባችን እንኑር ባይ ነው። ጄነር ደግሞ እዚሁ ተመችቶናል፣ የት እንሄዳለን ባይ ነው። ጄነር ክፋቱን የሚፈጽመው የብሪስቢን ቤት በገመድ ጎትተው ወደ ድንጋይ ከለላ ሲያዛውሩ ነው። ሌሊት ነው፣ ዝናብ ነው፣ መሬቱ ጭቃ ነው። ገመዱን ያስቆርጠዋል። ብሎኬቱ ወድቆ ኒቆዲሞስን ይገድለዋል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ላላየ ሰው ልተወው።

ከዲዝኒ የወጡት ሰዎች

የዚህ ፊልም ግማሽ ታሪክ ከካሜራው ጀርባ ነው። ብሉዝ የዲዝኒ ልጅ ነው ቢባል ይቀላል። በ1950ዎቹ በወጣትነቱ እዚያ ረዳት ሆኖ ሠርቷል፤ በ1971 ተመልሶ ገብቶ በፍጥነት ከፍ ያለ ቦታ ደርሷል። የሚያየው ነገር ግን አላስደሰተውም። ስቱዲዮው ወጪ ለመቀነስ ሲል የድሮውን ጥበብ እየተወ ነበር። ጥላው የለም፣ የውኃው ነጸብራቅ የለም፣ ዝርዝሩ የለም። ብሉዝና ጓደኞቹ ማታ ማታና ቅዳሜና እሁድ በብሉዝ ጋራዥ ውስጥ የራሳቸውን አጭር ፊልም መሥራት ጀመሩ። የጠፋውን ሙያ ራሳቸውን ያስተማሩት እዚያ ነው።

ሴፕቴምበር 13 ቀን 1979 ብሉዝ 42 ዓመት ሞላው። በዚያው ዕለት ከጎልድማንና ከፖመሮይ ጋር ሥራውን ለቀቀ። ሌሎች አኒሜተሮችም ተከተሏቸው፤ የተከታዮቹ ቁጥር ከአሥር ያላነሰ ነው። ለዲዝኒ ቀላል ጉዳት አልነበረም። በሥራ ላይ የነበረው የቀበሮና የውሻ ፊልሙ ከ1980 የገና በዓል ወደ 1981 ክረምት የተሸጋገረው በዚህ ምክንያት ነው። በሆሊውድ ጋዜጦች ዘንድ ትልቅ ወሬ ሆነ። ከሃዲ ያሏቸውም ነበሩ። ሙያቸውን የወደዱ ሰዎች ነበሩ ማለት ግን ይቀርባል።

ገንዘቡን ያቀረበው ኦሮራ ፕሮዳክሽንስ ነው፤ እሱንም ያቋቋሙት የቀድሞ የዲዝኒ ሰዎች ናቸው። በጀቱ ወደ 7 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ዲዝኒ በዚያን ጊዜ ለአንድ ፊልም ከሚያወጣው በጣም ያንሳል። ሦስቱ ፕሮዲውሰሮች ፊልሙን ለመጨረስ ቤታቸውን አስይዘው ተበደሩ። ስቱዲዮው ውስጥ ወደ 100 ሰው ይሠራ ነበር። ቀለም የሚቀቡት ብዙዎቹ ደግሞ ሥራውን ቤታቸው ወስደው ነው የሠሩት።

እጅና ብርሃን

ፊልሙን ዛሬ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ብርሃኑን ነው። የጉጉቱ ዓይን፣ የኒቆዲሞስ ጽሑፍ፣ የብሪስቢ ቀይ የአንገት ድንጋይ በእርግጥ የሚነዱ ይመስላሉ። ኮምፒውተር አይደለም። ሥዕሉ «ሴል» በሚባል ግልጽ ፕላስቲክ ላይ ይቀባል፤ ካሜራው አንድ ጊዜ ይቀርጸዋል። ከዚያ ፊልሙ ወደ ኋላ ይጠነጠናል። ብርሃን እንዲወጣበት የተፈለገው ቦታ ብቻ ክፍት ሆኖ ሌላው በጥቁር ይሸፈናል። ከሥር ባለቀለም መብራት ይበራና በዚያው ፊልም ላይ ሁለተኛ ጊዜ ይቀረጻል። ጥላም፣ ጭጋግም፣ ነጸብራቅም ሲጨመር አንዱ ምስል ደጋግሞ በካሜራው ሥር ማለፍ አለበት። አንዲት ስህተት ከተፈጠረች ሁሉም ከሀ ይጀመራል።

የቀለሙም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ወይዘሮ ብሪስቢ በቀን ብርሃን፣ በሻማ፣ በዝናብ፣ በጨለማ የተለያየ ቀለም አላት። ለእሷ ብቻ 46 የቀለም ዝርዝር ተዘጋጅቷል። በዚያ ዘመን ብዙ ስቱዲዮ ለአንድ ገጸ ባሕርይ የቀንና የማታ ቀለም ካዘጋጀ በቂ ነው ይል ነበር። ይህን ያህል ድካም ለአንዲት አይጥ!

ሙዚቃው የጄሪ ጎልድስሚዝ ነው። ለአኒሜሽን ሲሠራ የመጀመሪያው ነበር። ሰውዬው ለአስፈሪ ፊልም እንግዳ አይደለም፤ በ1976 ለወጣው «ዘ ኦመን» ኦስካር አግኝቷል። እዚህም የጻፈው እንደ ካርቱን ማጀቢያ እያንዳንዱን እርምጃ የሚከተል አይደለም። ትልቅ ኦርኬስትራና ኅብረ ዝማሬ ያለው፣ ለአዋቂ ድራማ የሚሆን ሙዚቃ ነው።

ድምፆቹ

የወይዘሮ ብሪስቢ ድምፅ ኤልዛቤት ሃርትማን ናት። ይህ የመጨረሻ ፊልሟ ሆነ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፣ ግን አይሰበርም። ምርጫው ፍጹም ነው። ሌሎቹን በፍጥነት፦ ኒቆዲሞስን ሰር ዴሪክ ጃኮቢ፣ ቁራውን ዶም ዴሉዊዝ፣ ጄነርን ፖል ሼናር ሠርተዋል። ታላቁ ጉጉት ደግሞ በድሮ የድራኩላ ፊልሞች የሚታወቀው ጆን ካራዲን ነው። ከልጆቹ መካከል ኋላ ስመ ጥር የሆኑት ሻነን ዶኸርቲና ዊል ዊተን ይገኙበታል።

የጀግናዋ ስም መጀመሪያ ፍሪስቢ ነበር። ልጆች የሚወራወሩት ፍሪዝቢ የሚባለው የፕላስቲክ ዲስክ የንግድ ስም ነው፤ ባለቤቱም ዋም ኦ የተባለ ኩባንያ ነው። ችግር እንዳይመጣ ስሙ ብሪስቢ ተባለ። ግን ተዋናዮቹ ድምፃቸውን አስቀርጸው ጨርሰዋል። አንዳንዶቹን መልሶ መጥራት አልተቻለም። የድምፅ ባለሙያዎቹ «ብ»ን ከሌላ ቃል ቆርጠው በ«ፍ» ቦታ ቀጠሉት። ጆሮ ካልተነገረው አይለየውም።

መጽሐፉና እውነተኛው ኒም

ፊልሙ የተሠራው ሮበርት ሲ. ኦብራየን በ1971 ካሳተመው የልጆች ልብ ወለድ ነው። የደራሲው ትክክለኛ ስም ሮበርት ሌስሊ ኮንሊ ነው፤ ለናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ይሠራ ነበር። መጽሐፉ በ1972 በአሜሪካ ለልጆች መጽሐፍ የሚሰጠውን የኒውበሪ ሜዳልያ አግኝቷል።

በመጽሐፉና በፊልሙ መካከል ትልቁ ልዩነት አስማቱ ነው። ኦብራየን የጻፈው ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው። የሚያበራ ድንጋይ የለም። ኒቆዲሞስም አስተዋይ መሪ እንጂ ጠንቋይ መሳይ ሽማግሌ አይደለም። ብሉዝ ድንጋዩን የጨመረው የእናቲቱን የውስጥ ጥንካሬ በዓይን ለማሳየት ነው። መጽሐፉን የሚወዱ ሰዎች እስከ ዛሬ ይቅርታ አላደረጉለትም። እውነት ለመናገር እነሱም ነጥብ አላቸው። ብልሃት ሊፈታው ይችል የነበረን ችግር ድንጋይ ሲፈታው ትንሽ ቅር ይላል።

ኒም ራሱ ፈጠራ አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ምኅፃረ ቃል ነው። በሜሪላንድ የብሔራዊ ጤና ተቋማት አካል ነው። የእነዚህ ተቋማት ትልቁ ቅጥር የሚገኝበት ቤተስዳ ደግሞ ብዙ ሐበሻ ለሚኖርበት ለሲልቨር ስፕሪንግ ጎረቤት ነው። እዚያ ያሉ ወላጆች ፊልሙን ለልጆቻቸው ሲያሳዩ ቤተ ሙከራው የሩቅ አገር ጉዳይ እንዳልሆነ ቢነግሯቸው አይከፋም።

በዚያው ተቋም ጆን ቢ. ካልሁን የተባለ ተመራማሪ አይጦችና አይጠ መጎጦች ሲጨናነቁ ምን እንደሚሆኑ ለዓመታት አጥንቷል። በ1968 የጀመረው «ዩኒቨርስ 25» የተባለው ሙከራው በጣም ታዋቂ ነው። ምግብና ውኃ ሞልቶ፣ ድመት ሳይኖር፣ አይጦቹ ከ8 ተነስተው ከ2,000 በላይ ሆኑ። ከዚያ ማኅበራዊ ኑሯቸው ፈርሶ መዋለድ አቆሙ፣ መጨረሻቸውም እልቂት ሆነ። ደራሲው ሐሳቡን ያገኘው ከካልሁን ሥራ ነው ይባላል። ስሙንና ዘመኑን ያየ ሰው ነገሩን ሊያምን ይችላል። መጽሐፉ ላይ ግን ሙከራው ስለ መጨናነቅ ሳይሆን ስለ ብልህነት ነው።

ገበያውና ከዚያ ወዲህ

የዚያ ክረምት ሲኒማ ቤት የኢ.ቲ. ነበር። ይህ የዳይሬክተሩ የስቲቨን ስፒልበርግ ፊልም ሳምንት በሳምንት እየጨመረ ሁሉንም ጠራርጎ በላ። አከፋፋዩ ኤም ጂ ኤም/ዩ ኤ ለአይጦቹ ፊልም አልሮጠም። የማስታወቂያ ገንዘቡን የጨመረው ገንዘብ አቅራቢው ኦሮራ ነው። ያም ሆኖ በአሜሪካ ወደ 14 ሚሊዮን ተኩል ዶላር አካባቢ ገባ። ኪሳራ አይባልም፤ ስቱዲዮ ለማቆም ግን አልበቃም። በዚያ ዓመት ለሳይንሳዊና ለምናባዊ ፊልሞች የሚሰጠውን የሳተርን ሽልማት በአኒሜሽን ዘርፍ ወስዷል። ሕዝብ በደንብ ያገኘው በቪዲዮ ካሴትና በቴሌቪዥን ነው።

ብሉዝ ሲጠየቅ የሚሰጠው ማብራሪያ መጨረሻው መልካም እስከሆነ ድረስ ልጅ የማይችለው ፍርሃት የለም የሚል ነው። ለሁሉም ልጅ ይሠራል ማለት ግን አይቻልም። ዕድሜያቸው ለትምህርት ያልደረሰ ልጆች ያሉት ወላጅ የጉጉቱን ትዕይንትና አይጠ መጎጦቹ መርፌ የሚወጉበትን ትዝታ አስቀድሞ ብቻውን ቢያይ ይሻላል። መርፌ የሚፈራ ልጅ ያንን ቦታ አይረሳውም።

ቡድኑ ቀጥሎ «ድራገንስ ሌር» የተባለውን የ1983 የቪዲዮ ጌም ሠራ። ከዚያ ያው ስፒልበርግ ፊልሙን ወድዶት ኖሮ ከብሉዝ ጋር ተጣመረ፤ በ1986 የስደተኛ አይጦችን ታሪክ ሠሩ፤ እሱም በደንብ ሸጠ። ስቱዲዮው ወደ አየርላንድ ተዛውሮ በ1988 የዳይኖሰሮቹን ፊልም አወጣ። ዲዝኒ በ1980ዎቹ መጨረሻ እንደገና የነቃው ተፎካካሪ ስላገኘ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው።

በ1998 «ቲሚ ቱ ዘ ሬስኪው» የተባለ ሁለተኛ ክፍል በቀጥታ በቪዲዮ ወጣ። ብሉዝ እጁ የለበትም። ያስታውቃል።