«የአያት መሬት ይሸጥ፣ የአያት ቋንቋ አይረሳ»

አባባሉ የሃካዎች ነው። ሃካዎች በቻይና ከብዙኃኑ ከሃን ሕዝብ የሚቆጠሩ፣ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው ወገኖች ናቸው። በእነሱ አፍ አባባሉ ቤት ይመታል። መሬቱ «ትየን»፣ ቋንቋው «ንግየን» ነው። በአማርኛ ስመልሰው ቤቱ ፈረሰብኝ፣ ይቅርታ።

የአያት መሬት መሸጥ በገበሬ ሀገር ምን ያህል ነውር እንደሆነ ለኛ ሰው መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። አባባሉ ነውሩን አይክድም። ከሱም የባሰ አለ ነው የሚለው።

እንዲህ ያሉት ወደው አይደለም። ሃካዎች በየዘመኑ ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲሰደዱ ኖረዋል። ደቡብ ቻይና ያለው ጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ሲደርሱ ለሙ ሜዳ ባለቤት ነበረው። የደረሳቸው ኮረብታው ነው። ዛሬ ያረሱትን ነገ ጥለው ሊነሱ ይችላሉ። ቋንቋውን ግን ማንም አይነጥቃቸውም፤ ቢያንስ ያኔ እንደዚያ ይመስል ነበር።

ስማቸውም ታሪክ አለው። «ሃካ» ማለት የእንግዳ ቤተሰብ ማለት ነው። ነባሮቹ ሲጠሯቸው «መጤ» እንደማለት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1855 እስከ 1867 ነባርና እንግዳ ጓንግዶንግ ውስጥ በመሬት ሰበብ ተፋጁ። በ1933 ደግሞ ሉዎ ሺያንግሊን የተባለ ሃካ የታሪክ ምሁር መጽሐፍ አወጣ። ሃካዎች ከጥንቱ የቻይና እምብርት የፈለሱ፣ ዘራቸው ያልተቀየጠ ሃን ናቸው አለ። «ያልተቀየጠ» የምትለዋን የኋላ ተመራማሪዎች ብዙም አልወደዷትም። እኔም አልወደድኳትም። ግን መጤ ሲባል የኖረ ሰው እንደዚያ ቢል አይፈረድበትም። ብቻ የስድቡ ስም የኩራት ስም ሆነ።

ሃካዎች በሚኖሩባት በታይዋን ደሴትም ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ደሴቲቱን ይገዛ የነበረው የኩዎሚንታንግ ፓርቲ መንግሥት ትምህርት ቤቱን በሙሉ በማንደሪን፣ በመደበኛው ቻይንኛ አደረገው። የቤቱን ቋንቋ ያወራ ተማሪ ገንዘብ ይቀጣ፣ አንገቱ ላይ ሰሌዳ ይንጠለጠልበት ነበር። ከተማ የገባው ሃካ ሃካነቱን ዋጥ አደረገ። «የማይታዩት ሰዎች» እስከመባል ደረሱ።

ዲሴምበር 28 ቀን 1988 ግን ዋና ከተማዋ ታይፔ ላይ ሰልፍ ወጡ። ጥያቄያቸው «የእናት ቋንቋችንን መልሱልን» ነበር። ብዙ ሃካዎች የኛ ልጅ ነው የሚሉትን የቻይና ሪፐብሊክ መሥራች የሰን ያት-ሰንን ምስል፣ አፉን በጭንብል ሸፍነው ይዘውት ዞሩ። በ2001 የሃካ ጉዳዮች ምክር ቤት ተቋቋመ፤ በ2003 የሃካ ቴሌቪዥን ተከፈተ። ድሮ አባት ለልጁ የሚመክረው ቃል መንግሥት የሚጠየቅበት ሆነ።

አንድ ነገር ልጨምር። አባባሉ በማንደሪንም ቤት ይመታል፦ «ትየን»፣ «የን»። ስለዚህ የአያቱን ቋንቋ አንዲት ቃል የማይችል የሃካ ልጅም ሳይደናቀፍ ይለዋል።