ለግል አገልግሎት ማባዛት ምንድን ነው?

ሐዋሳ ላይ ባጃጅ የሚነዳ ሰው በገንዘቡ የገዛውን ሲዲ ቤቱ ገልብጦ ፍላሽ ላይ ቢጭን ሕግ ጣሰ ይባላል? አይባልም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በአንቀጽ 9 ለሕዝብ የቀረበን ሥራ አንድ ግለሰብ ለራሱ ብቻ፣ በአንድ ቅጂ እንዲያባዛ ይፈቅዳል። የመብቱ ባለቤት ሊከለክለው አይችልም፤ ማስፈቀድም አይጠበቅበትም።

ፈቃዱ ግን ጠባብ ነው። ግለሰብ ይላል እንጂ ድርጅት አይልም። አንድ ይላል እንጂ ለጓደኛም፣ ለወንድምም አይልም። ያው ሾፌር ዘፈን ከሚጭኑት ሱቆች ወደ አንዱ ገብቶ «ሚሞሪዬን ሙላልኝ» ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ጫኚው የሚገለብጠው ለራሱ ሳይሆን ለገበያው ስለሆነ፣ በዚህ አንቀጽ ሊከለል አይችልም። (ተሳፋሪ ጭኖ ዘፈኑን ማሰማቱ ደግሞ ከመቅዳት ጋር የማይገናኝ፣ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።)

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጽሐፍ ላይ ነው። አዋጁ መጽሐፍን ሙሉውን ወይም አብዛኛውን ክፍል ፎቶ ኮፒ ማድረግን ከዚህ ፈቃድ አውጥቶታል፤ የሙዚቃ ኖታም እንደዚያው። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ካለ ኮፒ ቤት አንድ ወፍራም የትምህርት መጽሐፍ ከሽፋን እስከ ሽፋን አስገልብጦ፣ አስጠርዞ የሚወጣ ተማሪ «ለራሴ ማንበቢያ ነው» ቢል አያዋጣውም። ጥቂት ገጾች ከሆኑ ግን ችግር የለም። ድንበሩ የት ላይ እንደሆነ በገጽ ቁጥር አልተሰፈረም፤ እንደየመጽሐፉ የሚታይ ነው። እኔን የሚከነክነኝ ከገበያ የጠፋው መጽሐፍ ነው፤ ልግዛ ቢል የማያገኘው ተማሪም ያው ክልከላ ውስጥ ነው።

የተፈቀደው ዓይነት ቅጂ እንኳ የሥራውን መደበኛ ገበያ ያላግባብ የሚጎዳ ከሆነ ፈቃዱ አይሠራም።

የኮምፒውተር ፕሮግራም የራሱ አንቀጽ አለው፣ 14። በሕጋዊ መንገድ የያዘው ሰው ዋናው ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ የሚተካበት አንድ መጠባበቂያ ቅጂ ማስቀመጥ ይችላል። ዋናውን ለሌላ ሰው ከሸጠ ግን ያቺን ቅጂም ማጥፋት አለበት።