በድሬዳዋ የኮንዶሚኒየም ጉባኤ የውክልና ድምፅ እንዴት ይያዛል?

ድሬዳዋ ውስጥ የኮንዶሚኒየም ባለቤት ሁሉ በቤቱ አይኖርም። አንዱ ጅቡቲ ይሠራል። ሌላዋ አረብ አገር ናት። ሌላው ሥራ ቀይሮ አዲስ አበባ ገብቷል። ቤቱ ተከራይቷል፣ ወይም ዘመድ ይኖርበታል። ስለዚህ የባለቤቶች ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ምልዓተ ጉባኤውን የሚሞላው ብዙ ጊዜ ውክልና ነው። ጠቡም ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከዚሁ ነው።

ማኅበሩ የቆመው በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ላይ ነው። አባልነት ከባለቤትነት ጋር ይመጣል። ተከራይ አባል አይደለም። ይሄ አንዳንዴ ያሳዝናል። የውሃ ፓምፑ ስንቴ እንደተበላሸ፣ የደረጃው መብራት ከመቼ ጀምሮ እንደጠፋ የሚያውቀው እኮ ተከራዩ ነው። ሩቅ ያለ ባለቤት ለዕለት ተዕለት ጉዳይ ተከራዩን ቢወክል ጥሩ ነው እላለሁ። ካልወከለው ግን ተከራዩ ሐሳብ ይሰጥ ይሆናል እንጂ ድምፅ አይሰጥም።

በስብሰባ ላይ የተለመደ ነገር አለ። አንዱ ይነሣና «ወንድሜ ጅቡቲ ነው፣ የምወክለው እኔ ነኝ» ይላል። ወረቀት ሲጠየቅ ስልክ ይደውልና ላውድ ላይ ያደርገዋል። ከወዲያ ማዶ «አዎ አቦ፣ እሱ ያለው ሁሉ የኔ ነው» የሚል ድምፅ ይመጣል። ሰው ይስቃል፣ ነገሩ ይታለፋል። ጎረቤት ጎረቤቱን ማመኑ ደስ ይላል። ነገ ክርክር ሲነሣ ግን ያ የስልክ ድምፅ አያዋጣም። በአዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት ውክልና ካልተረጋገጠና ካልተመዘገበ ሕጋዊ ውጤት የለውም። ድሬ ያለ ሰው ውልና ማስረጃ ሄዶ ይሰጣል። ውጭ ያለው በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ይልካል።

ወረቀቱ ስላለ ብቻ ሁሉም አለቀ ማለት አይደለም። ብዙ ሰው «ሙሉ ውክልና አለኝ» ብሎ ይመጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ያሠራል ይላል (ቁጥር 2203)። የአስተዳደር ሥራ ማለት ንብረት መጠበቅና መጠገን፣ ዕዳ መክፈልና መሰብሰብ፣ ከ3 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት የመሳሰለው ነው። ስለዚህ የጣሪያ ጥገና ወይም የጥበቃ ደመወዝ ላይ ጠቅላላ ውክልና ይበቃል። «ኮሚዩናሉን (የጋራ መገልገያ ቤቱን) ለ5 ዓመት ለነጋዴ እናከራየው» የሚል አጀንዳ ሲመጣ ግን አይበቃም። የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥና በመያዣ ማስያዝም ጉዳዩን ለይቶ የሚጠቅስ ልዩ ውክልና ይፈልጋል (ቁጥር 2205)። ለዚህ ነው አጀንዳው ከጥሪው ጋር አስቀድሞ መድረስ ያለበት። ጅቡቲ ያለው ሰው በምን ጉዳይ እንደሚወክል ሳያውቅ ትክክለኛውን ወረቀት ሊልክ አይችልም።

ባልና ሚስት ላይም እንዲሁ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ድሬዳዋ ላይ ይሠራል። በትዳር ውስጥ የተገኘ ቤት የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ቤቱን ለመሸጥም ሆነ በመያዣ ለማስያዝ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ለተራው ስብሰባ ግን ከሁለት አንዳቸው ቢመጡ ከበር መመለስ ተገቢ አይመስለኝም። የማኅበሩ ደንብ ይህን በግልጽ ቢያስቀምጠው ይሻላል።

ከባዱ ነገር ወካዩ የሞተ እንደሆነ ነው። በውሉ ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር ውክልና ከወካዩ ጋር ያበቃል። ልጁ የሟች አባቱን ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ ለዓመታት ሲሠራበት ስለኖረ አሁንም የሚሠራ ይመስለዋል። በሰው ፊት «ወረቀትህ አይሠራም» ማለት ይከብዳል። የማኅበሩ ጸሐፊ ቀድማ ለብቻው ጠርታ የወራሽነት ማስረጃ እንዲያመጣ ብትነግረው ይሻላል። ተወካይ ውክልናውን ለሌላ አሳልፎ የሚሰጠውም ወረቀቱ ላይ ከተፈቀደለት ነው። ብዙ ወረቀት ላይ ያለው ደግሞ ጠበቃ የመወከል ፈቃድ ብቻ ነው።

ስለዚህ ማጣራቱ መደረግ ያለበት ስብሰባው ሳይጀመር ነው። ድሬ ላይ ፀሐይ ሳይበረታ እሑድ ጠዋት መሰብሰብ ይቀላል። ጸሐፊዋ ቀደም ብላ መግቢያው ላይ ጠረጴዛ ትይዛለች። መዝገቡ ላይ የብሎክና የቤት ቁጥር፣ የባለቤቱ ስም፣ የተወካዩ ስም፣ የውክልናው ቁጥርና ቀን ይጻፋል። ዋናው ታይቶ ይመለሳል፣ ኮፒው ይቀመጣል። በራሱ ለመጣና በውክልና ለመጣ ሰው የተለያየ ቀለም ያለው ካርድ ይሰጣል። እጅ ሲወጣ ቆጠራው አያምታታም።

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ የውክልና መከማቸት ነው። አንድ ሰው የብዙ ጎረቤት ወረቀት ይዞ ከመጣ ጉባኤው የሱ ብቻ ይሆናል። የኮሚቴ አባል ከሆነ ደግሞ በራሱ የሒሳብ ሪፖርት ላይ በሰው ድምፅ ይፈርዳል። ተወካይ የወካዩን ጥቅም ብቻ እንዲጠብቅ ሕጉ ያዛል። አንድ ሰው በሚይዘው ውክልና ብዛት ላይ በደንቡ ጣሪያ ማበጀት፣ የኮሚቴ አባላትንም በራሳቸው ሪፖርት ጉዳይ ላይ ውክልና ከመያዝ ማገድ ያስፈልጋል።

ቃለ ጉባኤው ላይ ስንቱ በአካል፣ ስንቱ በውክልና ድምፅ እንደሰጠ ተለይቶ ይጻፍ። ቅሬታ ያለው ሰው ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ያንሣ፤ ቅሬታውና የተሰጠው መልስም እዚያው ይመዝገብ። የውክልናዎቹ ኮፒ ከቃለ ጉባኤው ጋር ተያይዞ በማኅበሩ ፋይል ይቀመጥ እንጂ ጸሐፊዋ ቤት አይደር።