የከሳች ዶሮ ሁሉ ፈንግል አልያዛትም

ክረምት ገብቶ የጣና ዳር መሬት መረጠብ ሲጀምር በየቀኑ የምሰማው አንድ ነገር ነው፦ «ዶሮዬ ከሳችብኝ፣ ፈንግል ነው መሰለኝ፣ ቴትራሳይክሊን እየሰጠኋት ነው።» ከሺምብጥም ይምጡ ከዘንዘልማ፣ ቃሉ አይለወጥም። በእንስሳት ጤና ሥራ የምውል ሰው ነኝ፤ ሊድኑ የሚችሉ ዶሮዎች በዚህ አባባል ምክንያት ሲሞቱ ማየት ሰልችቶኛል።

ፈንግል ለመክሳት ጊዜ አይሰጥም። ቫይረስ ነው፤ ያልተከተቡ ዶሮዎች መሀል ከገባ በጥቂት ቀናት ግቢውን ባዶ ያደርገዋል። ምልክቱም በግልጽ ይታያል፦ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ አረንጓዴ ቅዘን ይይዛታል፣ ክንፏ ይወድቃል፣ አንገቷ ይጠመዘዛል። ሌሎቹ በደህና እየጫሩ አንዷ ብቻ ለሳምንታት ከመነመነች ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበትም ትል ነው።

በዘጌ መንገድ የሚኖሩ አንዲት እናት «ልጄ፣ ይሄ ፈንግል አልለቅ አላት» ብለው አንዲት ገብስማ ዶሮ ይዘውልኝ መጡ። የሰው ቴትራሳይክሊን እየፈቱ በውኃ ሲያጠጧት ከርመዋል። ደረቷን ስዳብሰው ሥጋ የሚባል የለም፣ አጥንቱ ስል ሆኖ ወጥቷል። «እማማ፣ ኩሷን አይተውታል?» አልኳቸው። አላዩትም። ከቅርጫቱ ሥር የወደቀውን በእንጨት ገለጥ ሳደርገው የፎገራ ሩዝ የመሰሉ ነጫጭ ቁርጥራጮች ይንቀሳቀሱበታል። የዶሮ ኮሶ ነው። ዶሮዋ ጉንዳን፣ ጢንዚዛና ዝንብ ስትለቅም ነው የሚገባባት፤ ወደ ሰው አይተላለፍም። ተገቢውን መድኃኒት ካገኘች በኋላ ደረቷ ቀስ በቀስ ሥጋ ያዘ። ያ ሁሉ ቴትራሳይክሊን ትሉን አልነካውም፤ የባክቴሪያ መድኃኒት ነውና ሊነካውም አይችልም።

እዚህ ላይ ሌላም ስህተት አለ፤ «የትል መድኃኒት ሁሉ አንድ ነው» ይባላል። አይደለም! ፒፐራዚን ረጃጅሙን ክብ ትል ያስወጣል እንጂ ኮሶን አያስለቅቅም፤ ለኮሶ ፕራዚኳንቴል አለ። ጫጩትና ቄብ ደም የቀላቀለ ቅዘን ካላቸው ደግሞ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለውን የአንጀት በሽታ ጠርጥሩ፤ እርጥብ ጉዝጓዝ ይወዳል፣ መድኃኒቱም እንደ አምፕሮሊየም ያለ እንጂ የትል አይደለም። ስለዚህ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ስትመጡ የዕለቱን ኩስ በላስቲክ ቋጥራችሁ አምጡ። የመድኃኒቱ መጠን በዶሮዋ ክብደት ይወሰናል። መድኃኒት ላይ ሳለችና ከዚያም በኋላ ባለሙያው እስከሚነግራችሁ ቀን ድረስ እንቁላሏን አትብሉ፣ አትሽጡም።

«እየበላች ነው፣ ምን ትሆናለች?» የሚሉኝም አሉ። ትል ያለባት ዶሮ ትበላለች። ያረጀች ዶሮ የወፍ ሳንባ ነቀርሳ ሲይዛትም እየበላች ነው የምትመነምነው፤ ኩክኗ ይገረጣል፣ አንዳንዴም ታነክሳለች። ለዚህኛው ማከም አይመከርም፤ ከመንጋው መውጣት አለባት።

«ሰውነቷ ይፋጃል፣ ትኩሳት አለባት።» የጤነኛ ዶሮ ሙቀት 41 ዲግሪ አካባቢ ነው። በእጅ ነክቶ ትኩሳት ነው ማለት አይቻልም።

«ላባዋ ሙሉ ነው፣ አልከሳችም።» ላባ ይሸፍናል፤ ደረቷን ዳብሱ።

«ፌጦና ሎሚ ይበቃታል።» ፈንግልን አይመልስም። ሌላውንም በሽታ መርምሮ ለማከም የነበረው ጊዜ በዚሁ ያልፋል።

«ቅማል ዶሮ አያከሳም» የሚሉኝ ደግሞ በቀን ብቻ የሚያዩ ሰዎች ናቸው። ቅማሉን ክንፏ ሥርና ፊንጢጣዋ ዙሪያ ላባውን ገልጣችሁ ታገኙታላችሁ። ደም የሚመጠው ቀይ ተባይ ግን ቀን በቆጡ ስንጥቅ ውስጥ ይደበቃል፣ የሚወጣው ሌሊት ነው። ባትሪ ይዛችሁ ማታ ግቡና እንጨቱን ሥሩን እዩት። ካለ ዶሮዋን ብቻ ማከም ዋጋ የለውም፣ ቆጡም መታከም አለበት።

የታመመችውን ለዩ፣ ከብርድና ከእርጥበት ጠብቁ፣ ንጹሕ ውኃ ከአጠገቧ አይጥፋ፤ የተቀቀለ እንቁላልና ለስላሳ እህል ስጧት። ማለዳ ሳትበላ ጉሮሮዋ ሥር ያለውን የእህል ከረጢት ንኩት፤ ሌሊቱን አድሮም ጠጣር ሆኖ ከሞላ የበላችው አልወርድ ብሏልና ሳትውል ሳታድር አምጧት።

ከሁሉ የሚያናድደኝ «ሳትሞት ትሸጥ» የሚለው ነው። በእርግጥ ፈንግል ከሆነ ያቺ ዶሮ ቅዳሜ ገበያ ስትገባ በሽታው በገዢዎቹ እጅ በየሰፈሩ ይዳረሳል። ማረድም አያዋጣም፤ ላባውና አንጀቱ ግቢ ሲጣል የጎረቤቱን ዶሮ ይጨርሳል። የሞተችውን በጥልቀት ቅበሩ ወይም አቃጥሉ እንጂ ቱቦ ውስጥም ጣና ዳርም አትጣሉ። የፈንግል ክትባት እዚሁ አገራችን ቢሾፍቱ ይመረታል፤ የሚሰጠው ግን ለጤነኛዋ ነው፣ የታመመችን አያድንም። ክረምቱ ሳይገባ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተነጋግራችሁ፣ ዶሮዎቻችሁን በአንድ ቀን አስከትቡ።