የአሪዞና ካዮቲስ የውል፣ የልውውጥና የደመወዝ ጣሪያ አስተዳደር

አሪዞና ካዮቲስ ከ1996 እስከ 2024 መቀመጫውን በፊኒክስ ከተማና በአካባቢዋ አድርጎ በሰሜን አሜሪካው ብሔራዊ የሆኪ ሊግ (ኤንኤችኤል) የተወዳደረ የአይስ ሆኪ ቡድን ነው። የስታንሊን ዋንጫ አንሥቶ አያውቅም። ሆኖም በጀቱ የተጣበበ ክለብ ውልን፣ ልውውጥንና የደመወዝ ጣሪያን አቀናጅቶ እንዴት ውሎ እንደሚያድር ለማወቅ ከዚህ ቡድን የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል። በዚህ ዳሰሳ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።

ሊጉ ጥብቅ የደመወዝ ጣሪያን ሥራ ላይ ያዋለው በክለብ ባለቤቶችና በተጫዋቾች ማኅበር አለመግባባት ምክንያት የ2004–05 የውድድር ዘመን ሙሉ በሙሉ ከተሰረዘ በኋላ ነው። ጣሪያው በመጀመሪያው ዓመት 39 ሚሊዮን ዶላር የነበረ ሲሆን በ2016–17 ወደ 73 ሚሊዮን፣ በ2021–22 ደግሞ ወደ 81.5 ሚሊዮን ከፍ ብሏል። ከጣሪያው ጋር አብሮ የተደነገገ ወለልም አለ፤ በእነዚሁ ሁለት የውድድር ዘመናት ወለሉ 54 ሚሊዮንና 60.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ስለዚህ ሀብታሙ ክለብ ከጣሪያው በላይ መውጣት እንደማይችል ሁሉ ድኻውም ከወለሉ በታች መውረድ አይፈቀድለትም።

ለካዮቲስ ታሪክ ቁልፉ የሂሳቡ አያያዝ ነው። አንድ ተጫዋች በጣሪያው ላይ የሚቆጠርበት ገንዘብ በዚያ ዓመት በእጁ የሚገባው ሳይሆን፣ የውሉ ጠቅላላ ዋጋ ለዓመታቱ ተካፍሎ የሚገኘው አማካይ ነው። ማሪያን ሆሳ በ2009 ከቺካጎ ብላክሆክስ ጋር የፈረመው የ12 ዓመት ውል 63.3 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ስለነበር በየዓመቱ 5.275 ሚሊዮን ይቆጠርበት ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት በትክክል የሚከፈለው ግን 1 ሚሊዮን ብቻ ነበር። በ2013 ሥራ ላይ የዋለው የባለቤቶችና የተጫዋቾች ማኅበር የጋራ ስምምነት የውል ዘመንን ክለቡ ለራሱ ተጫዋች 8፣ ከውጭ ለሚያስፈርመው 7 ዓመት አድርጎ ስለወሰነና ደመወዝ ከዓመት ዓመት የሚዋዥቅበትን መጠን ስላጠበበ እንዲህ ያለ ውል ከዚያ በኋላ አይፈረምም፤ ቀድሞ የተፈረሙት ግን እንደጸኑ ቆዩ። በወረቀት ላይ ከባድ፣ በጥሬ ገንዘብ ቀላል የሆኑት እነዚህ ውሎች ጣሪያው ለሚያስጨንቀው ክለብ ሸክም ሲሆኑ፣ ወለሉ ለሚያስጨንቀው ግን መፍትሔ ሆነው ተገኙ።

ቡድኑ ከካናዳዋ ዊኒፔግ ተነሥቶ በ1996 ወደ ፊኒክስ መጣ። በ2009 ባለቤቱ ጄሪ ሞይስ ክለቡን በኪሳራ አስመዝግበው ወደ ሃሚልተን ሊያዛውሩት ለሚፈልጉ ባለሀብት ለመሸጥ ቢሞክሩም ፍርድ ቤት ስላልፈቀደ ሊጉ ራሱ በ140 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶት እስከ 2013 አስተዳድሮታል። በዚህ ዘመን ነበር፣ በዋና ሥራ አስኪያጁ በዶን ማሎኒ መሪነት፣ ቡድኑ በ2012 እስከ ምዕራብ ኮንፈረንስ (የሊጉ ምዕራባዊ ምድብ) ፍጻሜ የዘለቀው፤ ባለቤት አልባ ለነበረ ክለብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የውል ሸክም የመቀበሉ ስልት ጎልቶ የታየው በ2015 ክረምት ነው። ካዮቲስ ከፊላዴልፊያ ፍላየርስ ክሪስ ፕሮንገርን ተረከበ። ፕሮንገር ከኅዳር 2011 ወዲህ በጉዳት ምክንያት በረዶ ላይ አልወጣም፤ በጣሪያው ላይ ወደ 4.9 ሚሊዮን ዶላር ሲቆጠርበት የሚከፈለው ግን በዓመት ከ600 ሺህ በታች ነበር። በ2015 ኅዳር ወር የስፖርቱ ታላላቆች ወደሚከበሩበት የሆኪ ዝና አዳራሽ ሲገባ በመዝገብ ገና የአሪዞና ተጫዋች ነበር።

በግንቦት 2016 የ26 ዓመቱ ጆን ቻይካ በሊጉ ታሪክ በዕድሜ ትንሹ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ተሾመና መንገዱን አሰፋው። በዚያው ዓመት ሰኔ፣ ክለቦች ወጣት ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ድራፍት በሚካሄድበት ምሽት፣ ከዲትሮይት ሬድ ዊንግስ የፓቬል ዳትሱክን ውል ተረከበ። ዳትሱክ ወደ ሩሲያ ሊመለስ ወስኖ ነበር፤ ነገር ግን ውሉ የጀመረው 35 ዓመት ከሞላው በኋላ ስለነበር ቢሄድም 7.5 ሚሊዮን ዶላሩ ከክለቡ ሂሳብ አይነሣም። ለዲትሮይት ይህ ትልቅ ጣጣ ነበር። ለአሪዞና ግን ዕዳው ገብስ ነው፤ ለሄደ ሰው ደመወዝ አይከፈልም፣ ወለሉ ግን ይሞላል። በውጤቱ አሪዞና በ20ኛና በ53ኛ ተራ የነበሩትን ምርጫዎችና አንድ ተጫዋች ሰጥቶ 16ኛውን ተራ ወሰደ፤ በዚያም ተከላካዩን ጄኮብ ቺክረንን መረጠ። ከሁለት ወር በኋላ ፍሎሪዳ ፓንተርስ የተጎዳውን የዴቭ ቦላንድን የ5.5 ሚሊዮን ውል እንዲወስድለት ሲል በ2015 በ11ኛ ተራ የተመረጠውን ወጣት ላውሰን ክራውስን ጨምሮ ሰጠ። በ2018 ደግሞ ሆሳ፣ በቆዳ ሕመም መጫወት ካቆመ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ከቪኒ ሂኖስትሮዛ ጋር ከቺካጎ መጣ።

የቻይካ ሌላው ገጽታ ይህን ያህል የሚያኮራ አይደለም። በታኅሣሥ 2019 ቴይለር ሆልን ለማግኘት የመጀመሪያ ዙር ምርጫና ሦስት ወጣቶችን ሰጥቶ ሳለ ተጫዋቹ ውሉ ሲያበቃ በነጻ ሄደ። ክለቡ ለድራፍት የሚቀርቡ ወጣቶችን ከደንብ ውጭ የአካል ብቃት ፈተና ፈትኗል በሚል ሊጉ የ2020 የሁለተኛ ዙርና የ2021 የመጀመሪያ ዙር ምርጫውን ነጠቀው፤ በ2020 ድራፍት አሪዞና የመጀመሪያ ስሙን የጠራው በአራተኛው ዙር ነበር። ቻይካ ከዚያ በፊት በሐምሌ 2020 ክለቡን ለቆ ነበር፤ ስለ አለቃቀቁ ክለቡና እርሱ የየራሳቸውን አቅርበዋል።

በመስከረም 2020 የተተካው ቢል አርምስትሮንግ የተረከበው ምርጫም ተስፋም የሌለው ቡድን ነበር። ቀደም ሲል እንደ ማሟያ ይሠራበት የነበረውን ስልት ዋና ሥራው አደረገው። በሐምሌ 2021 ብቻ፣ ኒው ዮርክ አይላንደርስ አንድሩ ላድን ከሁለት የሁለተኛ ዙርና ከአንድ የሦስተኛ ዙር ምርጫዎች ጋር፣ ፊላዴልፊያ ደግሞ ተከላካዩን ሼይን ጎስቲስቤርን ከሁለት ምርጫዎች ጋር ምንም ሳይቀበሉ አስረከቡት። ጎስቲስቤር የተጣለ ዕቃ ተብሎ መጥቶ በመጀመሪያ ዓመቱ (ጎልና ለጎል ያቀበለው ተደምሮ) 51 ነጥብ አስመዘገበ። በዚያው ሳምንት ቡድኑ የራሱን ከባድ ውልም አወረደ፦ እስከ 2027 በዓመት 8.25 ሚሊዮን የሚቆጠርበት አምበሉ ኦሊቨር ኤክማን-ላርሰን ከኮነር ጋርላንድ ጋር ወደ ቫንኩቨር ሄደ፤ በምላሹ ሊያበቃ አንድ ዓመት የቀረው ውል ያላቸው ሦስት ተጫዋቾችና 9ኛው ተራ መጡ፤ በዚህ ተራ ዲላን ጌንተር ተመረጠ። አሪዞና ከኤክማን-ላርሰን ደመወዝ 12 በመቶውን እንደያዘ ስለቀረ፣ ቫንኩቨር በ2023 ውሉን በካሳ ሲያፈርስ ድርሻው ተከትሎት መጣ።

ቡድኑ 2021–22ን በ25 ድልና በ57 ነጥብ ከሊጉ 32 ክለቦች 31ኛ ሆኖ ጨረሰና በሦስተኛ ተራ ሎጋን ኩሊን አገኘ። ከዚያም ዛክ ካሲያን፣ ጄኩብ ቮራቼክና በ14 ዓመት ውሉ 7.857 ሚሊዮን የሚቆጠርበት ሼይ ዌበር ተራ በተራ በመዝገቡ ላይ ሰፈሩ። እንዲያው ለነገሩ፣ ፕሮንገር፣ ዳትሱክ፣ ሆሳና ዌበር አራቱም ዛሬ የዝና አዳራሹ አባላት ናቸው፤ አንዳቸውም የካዮቲስን ማሊያ ለብሰው አንድ ደቂቃ አልተጫወቱም።

ይህ አሠራር ብዙ ተተችቷል። ተቺዎቹ ወለሉ የተደነገገው ክለቦች ለሚጫወት ሰው እንዲከፍሉ ነው፣ ካዮቲስ ግን የደንቡን መንፈስ ጥሷል ይላሉ። ትችቱ መነሻ የለውም ባይባልም ፍትሐዊ አይደለም፤ ደንቡን ካዮቲስ አልጻፈውም፣ እያንዳንዱን ልውውጥም ሊጉ አጽድቆታል፣ ከሸክማቸው የተገላገሉት ሀብታም ክለቦችም እምብዛም አልተወቀሱም። ክብደት ያለው ጥያቄ ሌላ ነው፤ በ2022 ከግሌንዴል አዳራሽ ወጥቶ ከ5 ሺህ ያነሰ ሰው በሚይዝ የዩኒቨርሲቲ ሜዳ የተጫወተ ክለብ ደጋፊውን በተስፋ ብቻ ምን ያህል ሊያቆይ ይችላል? በፊኒክስ አቅራቢያ ያለችው የቴምፒ ከተማ ነዋሪዎች በግንቦት 2023 የክለቡን አዲስ አዳራሽ ዕቅድ በድምፅ ውድቅ ሲያደርጉ ጉዳዩ ከሥራ አስኪያጁ እጅ ወጣ።

በሚያዝያ 2024 ተጫዋቾቹ፣ ውሎቹና የተጠራቀሙት ምርጫዎች በ1.2 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ ተዛወሩ። አዲሱ የዩታ ክለብ አርምስትሮንግን በሥራው አስቀጥሎ በሰኔ ወር በካዮቲስ ዘመን ከተመረጡት ጄ.ጄ. ሞዘርንና ኮነር ጊኪን ከሁለት ምርጫዎች ጋር ለታምፓ ቤይ በመስጠት በዓመት 8.5 ሚሊዮን የሚቆጠርበትን ሚካኤል ሰርጋቾቭን አመጣ፤ ክለቡም በመጀመሪያ ዓመቱ 89 ነጥብ ሰበሰበ። የዌበር ውል በመጋቢት 2025 ወደ ቺካጎ ተላለፈ። ቺካጎ በ2018 የሆሳን ውል ለአሪዞና ያሸከመ ክለብ ሲሆን በዚያን ጊዜ ግን ቡድኑን ከሥሩ እየገነባ ስለነበር የጣሪያ ክፍተት የሚሸጠው እርሱ ነበር።