አባይን በሳይክል፦ ረጅሙ የብስክሌት ጉዞ በጎጃም

የረጅም ርቀት የሳይክል ጉዞ ውድድር አይደለም። ሰው ድንኳኑን፣ መኝታውንና ስንቁን ሳይክል ላይ ጭኖ ለሳምንታት፣ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ከአገር አገር የሚዞርበት ጉዞ ነው። ልማዱ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ቶማስ ስቲቨንስ የሚባል ሰው በ1884 እ.ኤ.አ. ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሳ። የፊት ጎማዋ እጅግ ትልቅ በሆነች በዘመኑ ሳይክል እየነዳ፣ ባሕሩን በመርከብ እየተሻገረ፣ በ1886 መጨረሻ ዮኮሃማ ገባ። ዛሬ ብዙ ተጓዦች የሚመኙት ከካይሮ እስከ ኬፕታውን ያለውን መንገድ ነው። ከሱዳን በመተማ የሚገቡት ወደ አዲስ አበባ ሲወርዱ ጎጃምን ያቋርጣሉ።

ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ደግሞ የጎጃም በር አባይ በረሃ ነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ ዳገት። ከደጋው ወደ ወንዙ ሲወረድ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል። ከላይ ጃኬት ያስለበሰው ብርድ ታች ሲደርሱ ንዳድ ይሆናል። ሰው ዳገቱን ይፈራል እንጂ እኔ ይበልጥ የምፈራው ቁልቁለቱን ነው። ዕቃ የተጫነ ሳይክል ፍሬን ተይዞ ለረጅም ጊዜ ሲወርድ ቸርኬው ይግላል፤ ጎማም ሊያፈነዳ ይችላል። ስለዚህ እየቆሙ፣ እያበረዱ መውረድ ነው። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ተጨማድዷል። ታች ወንዙ ላይ ሁለት ድልድዮች ጎን ለጎን ይታያሉ። አዲሱ፣ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው፣ 303 ሜትር ይረዝማል። ከዚያ ወደ ደጀን የሚወጣውን ዳገት በጠዋት መጀመር ይሻላል። አቀበቱን የሚያዘግም የጭነት መኪና ጭራ ይዞ መውጣት ያጓጓል። እባካችሁ አታድርጉት። አንድ ጉድጓድ ይበቃል።

ከደጀን በኋላ ደጋው ይዘረጋል። ሉማሜ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ እያለ ይቀጥላል። በከተሞቹ አልጋ አይጠፋም። በሶና ቆሎ ከያዙ ደግሞ ስንቅ አይቸግርም። በሶ በውኃ ተበጥብጦ ለሳይክል ነጂ የሚሰጠውን ጉልበት ከውጭ የመጣ ብስኩት አይሰጥም። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም 55 ቀን ሙሉ፣ በየምግብ ቤቱ የሚገኘው ሽሮና ምስር ነው። ሥጋ የለመደ ፈረንጅ ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ከከተማ ውጭ ለመሸበት ሰው ግን ጎጃም ከሳይክል የሚቀድም የመንገደኛ ሥርዓት አለው። «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ማለት ነው። ለጠየቀ ሰው ደጅ አይዘጋም። በቆየው ልማድ የእንግዳ እግር ይታጠባል። ቀኑን ሙሉ ፔዳል ሲረግጥ ለዋለ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት! ጠዋት ገንዘብ መስጠት ባለቤቱን ያስቀይማል። ቡና ወይም ስኳር ይዞ መገኘት ይሻላል።

ተጓዦች በጣም የሚያማርሩት በልጆች ነው። «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ ይሮጣሉ፣ እስክሪብቶ ይጠይቃሉ፣ ድንጋይ የሚወረውርም አለ። ይህ እውነት ነው፣ መደበቅም የለበትም። ወላጅና መምህር ሊመክሩበት ይገባል። ግን ፈጥኖ ከሚያመልጠው ይልቅ ቆሞ «እንደምን ዋላችሁ» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ በሰላም ያልፋል። አበሻ ሆኖ ለሚነዳ ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነው፦ «መኪና አጥተህ ነው?»

ጎማ ቢተነፍስ ጎሚስታ በየከተማው አለ። ለማርሽና ለዘመናዊ ፍሬን ግን መለዋወጫ ይዞ መሄድ የግድ ነው። ወቅቱም መመረጥ አለበት። በክረምት ዋልካው ጎማ ላይ እየተጣበቀ ከአስፋልት ውጭ መንዳት አይቻልም። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል። ጤፉ ሲያሽት የሜዳው ቀለም ብቻ ያስቆማል።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ግን ጎጃም ያለበት የአማራ ክልል በግጭት ውስጥ ወድቋል። ይህን የምጽፈው ልቤ እያዘነ ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑ ሳይረጋገጥ ማንም ሳይክል ይዞ እንዲነሳ አልመክርም።

ሰላም ሲሆን፣ ከቡሬ ወዲያ ያለው ክፍል የጉዞው ሽልማት ነው። ኮሶበር ሳይደርሱ የዘንገና ሐይቅ ከመንገዱ አጠገብ ክብ ሆኖ ተቀምጧል። አገው ፈረሶች በመስኩ ይጋልባሉ። ከኮሶበር በኋላ መሬቱ በዳንግላና በመራዊ በኩል ቀስ እያለ ይወርዳል። ፔዳሉ ይቀላል፣ አየሩ ይሞቃል። ጣናም ባሕር ዳር ላይ ይጠብቃል።